ፈጣኗ ዲስክና የሟቾች ኮቴ

በእኛ ከተማ ሰው ሲሞት ፎቶግራፉ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፤ ድምፁ ነው የሚቀመጠው። ሕመም የጸናበት ወይም ዕድሜ የተጫነው ሰው በቤተሰቡ ተደግፎ ወደ ድምፅ ቤት ይሄዳል፤ እዚያ ከአንድ ትልቅ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የፈለገውን ይናገራል። አንዳንዱ ይመርቃል፤ አንዳንዱ ይራገማል። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ ሲጠርጉ ቆይተው «ዛሬስ አልሆነልኝም፤ ሌላ ጊዜ እመለሳለሁ» ብለው ሄዱና ሳይመለሱ ቀሩ። ልጆቻቸው በየሙት ዓመቱ እየመጡ ያንኑ የጉሮሮ ጠረጋና «ሌላ ጊዜ እመለሳለሁ» የሚለውን ሰምተው፣ አልቅሰው ይሄዱ ነበር።

የከተማችንን ስም አልጽፍም። ብጽፈው ሰዎቹ «እኛን ነው» ብለው ይቀየሙኛል፤ ካልጻፍኩት ግን ሁሉም «ጎረቤቶቻችንን ነው» ብሎ በሰላም ያነበዋል።

በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ የነበረው ዲስክ የድሮ፣ የሚሽከረከር ነበር። የሟቹ ስም ሲሰጠው መጀመሪያ ያጓራል፤ ከዚያ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ይፈልጋል። ፍለጋው ረዥም ስለነበር ከኮምፒውተሩ ፊት ለፊት አንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ ነበር። ሕዝቡ ያ ቀጭ ቀጭ የሚለው የሟቹ ኮቴ ነው ብሎ ያምናል። «መንገድ ላይ ነው» ይባባላል፤ «ዛሬ ቆየ፤ ዳገቱ ከብዶት ይሆናል» ይላል። በሕይወቱ አንካሳ የነበረ ሰው ሲጠራ አንደኛዋ ኮቴ ከሌላዋ ጠንክራ ትሰማለች ብለው የሚምሉም ነበሩ። ለቅሶው የሚለቀሰው ያኔ ነው። በውርስ ተኳርፈው የመጡ ወንድማማቾች እንኳ አባታቸው እስኪደርስ ድረስ እዚያው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ከመቀመጥ በቀር የሚሄዱበት አልነበራቸውም፤ አባትየው ሲደርስ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ያገኛቸዋል።

እትዬ አመለወርቅ የዚያ አግዳሚ ደንበኛ ነበሩ። ሥራቸው ጃንጥላ መጠገን ነው። የተሰበረ ዘንግ ያቀናሉ፤ በተቀደደው ጨርቅ ላይ እራፊ ይጥላሉ። አያልነሽ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ሳንባዋን ታማ በለጋነቷ ሞተች። ከመሞቷ በፊት ድምፅ ቤት ገብታ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው፦

«እማ፣ የሰው ጃንጥላ ትጠግኛለሽ፤ አንቺን ግን ዝናብ ይመታሻል። ተይ።»

ሌላው ሰው በዓመት አንዴ ሲመጣ እትዬ አመለወርቅ በየወሩ ይመጡ ነበር። አንድ ቀን አብራቸው የተቀመጠች ሴት፣ «አንቺዬ፣ አላበዛሽውም? ሙትንም እኮ ማሳረፍ ያስፈልጋል» አለቻቸው።

«ፊቷን አልረሳሁም» አሉ እትዬ አመለወርቅ። «አረማመዷንም አልረሳሁም። የሚያመልጠኝ ድምፅዋ ነው። ወር ካለፈኝ የጎረቤት ልጅ ድምፅ ይቀላቀልብኛል። እሱን ለማጥራት ነው የምመጣው።»

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ የፍጥነት ሹም ተሾሙ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሹመት አልነበረንም፤ ከተማችን የምትቸኩልበት ቦታ አልነበራትምና። ሹሙ ግን ቸኳይ ሰው ነበሩ። ስብሰባ ላይ ከሁሉ ቀድመው ስለሚደርሱ ሌሎቹ ሲመጡ ውሳኔው አልቆ ያገኙታል። ገና «እንዴት አደሩ» ሳይባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ።

«የጎረቤት ከተማ ሟቾች ከእኛ ሟቾች ቀድመው ይደርሳሉ አሉ» ብለው በአደባባይ ተናገሩ። «ይህ ለሕያዋኑም ውርደት ነው።»

ብዙም ሳይቆይ አንድ ዕቃ አምጪ ነጋዴ ከሩቅ አገር አዲስ ዲስክ ይዞ መጣ። የከተማው ባለ ማዕረጎች በድምፅ ቤት ተሰብስበው ሊያዩዋት ቆሙ። ነጋዴው ካርቶኗን ከፍቶ በመዳፉ ላይ ሲያወጣት ሁሉም አንገታቸውን አሰገጉ። ማስቲካ የምታህል፣ ስስ፣ ጥቁር ሰሌዳ ናት።

«እቺ ናት?» አሉ የድምፅ ቤቱ አዛዥ። «ሟቾቻችን በሙሉ እዚህ ላይ?»

«ኤስኤስዲ ትባላለች» አለ ነጋዴው። «ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ፣ ማዘርቦርዱ ላይ በአንዲት ብሎን ትታሰራለች። ውስጧ የሚሽከረከር ነገር የለም። የድሮው ዲስክ ጫማውን አስሮ እስኪነሣ እቺ ደርሳ ተመልሳለች።»

«ድምፅስ አታሰማም?»

«ምንም።»

«ታዲያ መሥራቷን በምን እናውቃለን?»

«በመጨረሷ» አለ ነጋዴው።

የፍጥነት ሹሙ ይህን መልስ በጣም ወደዱት።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ልማዳችን መናገር አለብኝ። በከተማችን አዲስ ሹም ሲሾም የቀድሞው ሹም በርጩማ ይሰበራል። አሮጌው ካለ ሰው ያወዳድራል፤ መወዳደር ደግሞ ሹምን ያሳንሳል ተብሎ ስለሚታመን ነው። ለዚሁ ሥራ የተመደቡ፣ የበርጩማ ሰባሪ የሚባሉ ባለ ማዕረግ አሉ። ሹመት በሌለበት ዘመን እጃቸው እንዳይፈታ አልፎ አልፎ የራሳቸውን ይሰብራሉ።

ነጋዴው ድምፆቹን ሁሉ ከአሮጌው ዲስክ ወደ አዲሷ አስተላልፎ ሲጨርስ የበርጩማ ሰባሪው መዶሻቸውን ይዘው ቀረቡ።

«ኧረ ተዉ፤ አሮጌውን ለክፉ ቀን አስቀምጡት» አለ ነጋዴው።

«ክፉ ቀን እንዲመጣብን ነው የምትመኝልን?» አሉ የበርጩማ ሰባሪው።

«እኔ እንኳ ድምፆቹ በሁለት ቦታ ቢኖሩ ብዬ ነው።»

«ሰው በሁለት መቃብር አይቀበርም፣ ወንድሜ» አሉት አዛዡ በትሕትና። እንግዳ ስለሆነ አልተቆጡትም።

አሮጌው ዲስክ በአንድ በርጩማ ላይ ተቀመጠና ሁለቱም ባንድ ላይ ተሰበሩ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እትዬ አመለወርቅ ከኋላ ቆመው ነበር፤ አላጨበጨቡም፤ እጃቸው ላይ የሰው ጃንጥላ ነበረ።

በወሩ ልጃቸውን ሊሰሙ መጡ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ አግዳሚው ሲራመዱ የልጅቷ ስም ተሰጠ፤ ወዲያው ተናግራ ጨረሰች። እትዬ አመለወርቅ ገና አልተቀመጡም ነበር።

«አልደረስኩም እኮ» አሉ ቆመው።

«እሷ ደርሳለች፣ እትዬ» አሉ አዛዡ። «ፍጥነት ማለት ይኸው ነው።»

«ሳላለቅስላት አለፈችኝ።»

እሳቸው ብቻ አልነበሩም። በውርስ የተጣሉት ወንድማማቾች ሲመጡ ገና በሩ ላይ እያሉ አባትየው ተናግሮ ጨረሰ፤ እነሱም እዚያው በሩ ላይ ተደባደቡ። አንዲት መበለት ባሏ እንዲህ ቸኩሎ መምጣቱ ሌላ ቀጠሮ ቢኖረው ነው ብላ ተጠራጠረች። ሹሙ አቤቱታው ሲበዛባቸው መፍትሔ ፈጠሩ፤ ዲስኳ እንዳለች ትሆናለች፤ ኮቴውን ግን ሰው ያሰማል። «ኮቴ አሰሚ» የሚባል የሥራ መደብም ተከፈተ።

እኔ ወደ ታሪኩ የምገባው እዚህ ጋ ነው። ስሜ አንለይ ይባላል። ትምህርቴ አንደኛ ደረጃ ነው፤ ፊደል አልስትም፤ ሰው ፊት ስቆም ግን አንደበቴ ይታሰራል። ለመደቡ የሚፈለገው ከመጋረጃ ጀርባ የሚቀመጥ፣ መኖሩ የማይታወቅ ሰው ነበር። ፈተናው ስም መጠየቅ ብቻ ነው። ሌሎቹ ተፈታኞች ደረታቸውን ነፍተው ስማቸውን ተናገሩ። እኔ የራሴን ስም ጀምሬ መጨረስ አቃተኝና አለፍኩ።

መሣሪያዬ ጠጠር የገባበት የወተት ቆርቆሮ ነው። የሟቹ ስም ሲጠራ ቆርቆሮውን እያንቀጫቀጭኩ አመጣዋለሁ፤ ሰዎቹ አልቅሰው ሲወጣላቸው የኮምፒውተሩን ቁልፍ እነካለሁ፤ ያኔ ድምፁ ይናገራል። ሹሙ ይህን ከዲስኳ ፍጥነት ጋር እንዳይጋጭ «የፍጥነት ማረፊያ» ብለው ሰየሙት።

እትዬ አመለወርቅ በመጀመሪያው ቀን ኮቴዬን ሰምተው ወደ መጋረጃው ዞሩ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ።

«አቤት» አልኩ በቀስታ።

«እቺ የእኔ ልጅ አይደለችም። ይሄ የጎልማሳ ሰው አረማመድ ነው። አያልነሽ ስትሄድ ትጣደፋለች። ደጃፍ ስትደርስ ግን ቆም ትላለች፤ ጫማዋን ትጠርጋለች። ስትገባም ስትወጣም ትጠርጋለች። ‹የሚወጣ ሰው ምን ጫማ ያስጠርገዋል› ስላት፣ ‹የቤታችንን አፈር ለሰው ላለመስጠት ነው› ትለኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ለአያልነሽ ቆርቆሮውን በጥድፊያ አንቀጫቅጬ ቆም አደርጋለሁ፤ ቀጥሎ ጠጠሩን በቆርቆሮው ወለል ላይ ሁለቴ ጎተት አደርገዋለሁ። እትዬ አመለወርቅ «አሁን ገባች» ይላሉ። ያኔ ቁልፉን እነካለሁ። ልጅቷ «ተይ» ብላ ስትጨርስ እሳቸው «እሺ» ብለው ይነሣሉ። ያ ጊዜ ደግ ጊዜ ነበር።

ነጋዴው ሌላ ዕቃ ሊያራግፍ ሲመለስ የፍጥነት ሹሙ መንገድ ላይ አገኙትና ዲስኳ ታረጅ እንደሆነ ጠየቁት።

«ነገር በተጻፈባት ቁጥር ጥቂት፣ ጥቂት ታልቃለች» አለ ነጋዴው፤ «ግን ይህ እናንተን...»

ሹሙ የቀረውን አልሰሙም፤ ሄደው ነበር። ከሰዓት በኋላ አዋጅ ወጣ። ዲስኳ እንዳታልቅ አዲስ ድምፅ መቀበል ቆመ። በጠና የታመሙ ሰዎች ሌላ መመሪያ እስኪወጣ በትዕግሥት እንዲቆዩ ተነገራቸው። አንዳንዶቹ መመሪያውን አላከበሩም።

ቀጥሎ ሹሙ አሰቡ። መጻፍ የሚያደክማት ከሆነ መናገርም ያደክማታል። ነጋዴው በማግሥቱ አልፎ ስለሄደ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ዲስኳ ከኮምፒውተሩ ተፈታች። በአደባባዩ መካከል ዓምድ ተሠራላት፤ በላዩ የመስታወት ሣጥን፣ በሣጥኑ ውስጥ ቀይ ከፋይ ትራስ። ከጠዋት እስከ ማታ እንድታብረቀርቅ ፀሐይ የማይለየው ቦታ ተመረጠላት። ዘብ ቆመላት። በዓምዱ ላይም «ከዚህች የሚፈጥን የለም» ተብሎ ተቀረጸ።

የጎረቤት ከተማ መልእክተኞች ሊያዩዋት መጡ። ትራሷ ላይ ተኝታለች። በዙሪያዋ ቆመው ለረዥም ጊዜ ተመለከቷት።

«በጣም ፈጣን ናት» አለ አንደኛው።

«ተኝታ እንኳ ያስታውቃል» አለ ሌላው።

የፍጥነት በዓልም ተጀመረ። በዚያ ቀን ማንም ሰው ከእሷ ቀድሞ እንዳይገኝ ተብሎ ሕዝቡ ሁሉ አደባባዩ ላይ ሳይንቀሳቀስ ቆሞ ይውላል። ፀሐይ የሚያዞራቸው ሰዎች ሲወድቁ ቀስ ብለው እንዲወድቁ ይመከራሉ።

ድምፅ ቤቱ ግን አልተዘጋም፤ ይዘጋ የሚል አዋጅ አልወጣምና። ሰዎች ይመጣሉ፤ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔም ከመጋረጃው ጀርባ ኮቴውን አሰማለሁ። ሟቹ ይመጣል፣ ይመጣል፣ ደጃፍ ይደርሳል፤ ከዚያ ምንም የለም። አዛዡ ተነሥተው «ሟቻችሁ በሰላም ደርሷል፤ በአሁኑ ሰዓት አደባባይ ላይ በክብር ይገኛል» ይላሉ። ሰዎቹ አመስግነው ወደ አደባባይ ሄደው፣ ለመስታወቱ እጅ ነሥተው ወደየቤታቸው ይገባሉ።

እትዬ አመለወርቅም ሄዱ። እጅ አልነሡም፤ ጆሯቸውን መስታወቱ ላይ ለጠፉ።

«እትዬ፣ መስታወቱን ያቆሽሹታል» አለ ዘቡ።

«ልጄን ነው የማዳምጠው።»

ዘቡ ክፉ ሰው አልነበረም። ጥቂት ጠበቃቸውና «ምን አለች?» አላቸው።

«ምንም።»

«እንግዲያው ደህና ናት ማለት ነው።»

እትዬ አመለወርቅ መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉና ወዲያው ሸሸት አደረጉት። «ያቃጥላል» አሉ። «አያልነሽ ፀሐይ አትወድም ነበር።» በማግሥቱ ከቤታቸው አንድ የተጣፈ ጥቁር ጃንጥላ አምጥተው ከሣጥኑ በላይ አሰሩላት። ጃንጥላው እስከ ቀትር ቆየ። ከዚያ ዲስኳ እንዳታብረቀርቅ አድርጓል ተብሎ በትእዛዝ ተነሣ። እሳቸውም በማግሥቱ ሌላ ጃንጥላ አመጡ፤ እሱም ተነሣ። ዘቡ ጃንጥላዎቹን አጥፎ ከዓምዱ ሥር እያስቀመጠ ማታ ይመልስላቸው ነበር።

በመጨረሻ ወደ ሹሙ ቢሮ ሄዱ። በሩን ገፋ ሲያደርጉ ሹሙ ቀና ሳይሉ፣ «አይሆንም» አሉ።

«ገና አልተናገርኩም፣ ጌታዬ።»

«ለዚህ ነው የፍጥነት ሹም የሆንኩት።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ልስማት። ድምፅዋ እየራቀኝ ነው። በፊት የጎረቤት ልጅ ድምፅ ነበር የሚቀላቀልብኝ፤ አሁን የጎረቤቷን ልጅ ብቻ ነው የምሰማው።»

ሹሙ ቀና አሉ። «እትዬ» አሏቸው፣ «ልጅዎ ዛሬ ከተማው ውስጥ ካሉት ሁሉ የፈጠነች ናት። በአንድ ዐይን ጥቅሻ ልትደርስልዎ ትችላለች። መቻሏ አይበቃዎትም?»

እትዬ አመለወርቅ ተመልሰው ድምፅ ቤት መጡና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እኔም ጥድፊያውን፣ መቆሙን፣ ጫማ መጥረጉን አሰማሁ። «እሺ» ብለው ተነሡ፤ ምንም ሳይባሉ።

በጋና ክረምት ተፈራረቁ። የፍጥነት ሹሙ አባት የሞቱት ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ልጃቸው ሲሮጥ ስለሚውል አንድም ቀን ሄዶ ሰምቷቸው አያውቅም ይባላል። አሁን ግን ሹሙ ራሳቸው እርጅና ጀማመራቸውና አባታቸው ትዝ አሏቸው። ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ድምፅ ብቻ ዲስኳ ወደ ኮምፒውተሩ ትመለስ ብለው አዘዙ። ነጋዴውም በዚያ ሰሞን ስለነበር ብሎኗን እንዲያስር ተጠራ።

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ጠዋት ድምፅ ቤቱ ስመጣ እትዬ አመለወርቅ ቀድመውኝ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። «ዲስኳ ለሹሙ ከተናገረች በኋላ ሳይፈቷት አንዴ ቁልፉን ለኔ ትጫንልኛለህ» አሉኝ። «እንደ ድሮው። ኮቴው አያስፈልግም፤ ዛሬ ትቸኩል፤ ግድ የለም።»

ራሴን በእሺታ ነቀነቅኩ።

ዲስኳ በከፋይ ትራሷ ላይ ሆና በሰልፍ መጣች። ነጋዴው ተቀብሎ ማዘርቦርዱ ላይ ሰካት፤ ብሎኗን አሰረ። ኮምፒውተሩ ተነሣ። ሹሙ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ተቀምጠው ያየናቸው ያን ቀን ነው።

«ኮቴውን አሰማ» አሉ ወደ መጋረጃው።

«ይዘገያል እኮ፣ ጌታዬ» አሉ አዛዡ።

«ይዘግይ። አባቴ ዘገምተኛ ነበር።»

ቆርቆሮውን አነሣሁ። የሽማግሌ፣ ከባድ፣ በየመሐሉ የሚያርፍ ኮቴ አሰማሁ። ከሰልፈኛው አንድም ሰው አልሳለም። ሹሙ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። አባትየውን ደጃፍ አደረስኳቸውና ቁልፉን ነካሁ።

ድምፅ የለም። ኮምፒውተሩ በስክሪኑ ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። አዛዡ ጮክ ብለው አነበቡት፦ «ይህች ዲስክ ባዶ ናት። ለአገልግሎት ላዘጋጃት?»

ነጋዴው ፈትቶ እንደገና ሰካት። ሌላም ሞከረ። ከዚያ እጁን አወረደ።

«የት ነበር ያቆያችኋት?» አለ።

«አደባባይ ላይ፣ በክብር» አሉ አዛዡ።

«ሳትሰካ? ኤሌክትሪክ ሳያገኛት?»

«ፀሐይ አልተለያትም።»

ነጋዴው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «እቺ የምታስታውሰው በውስጧ በያዘችው ኃይል ነው» አለ፤ ለማን እንደሚናገር እሱም ያወቀ አይመስልም። «ሥራ ላይ እስካለች ትይዘዋለች። ሥራ ፈትታ ለብዙ ጊዜ ከተቀመጠች ያፈስባታል። ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል።»

«ያፋጥነዋል» አሉ ሹሙ በቀስታ።

«ለምን አልነገርከንም?» አሉ የበርጩማ ሰባሪው።

«ዲስክ ገዝቶ ትራስ ላይ የሚያስተኛ ሰው አይቼ አላውቅማ፣ አባቴ።»

ሁሉም ወደ ሹሙ ዞረው ውሳኔ ጠበቁ። ሹሙ ግን ከአግዳሚው አልተነሡም። ሰው ሁሉ ተራ በተራ ወጣ፤ እሳቸው እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ እንደተቀመጡ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሲቸኩሉ ያየ የለም። ዲስኳን በተመለከተ፣ አዛዡ ባዶ ናት ማለት ሕዝብን ያስከፋል ብለው «ዝም ብላለች» ተብሎ እንዲነገር አደረጉ። ወደ መስታወቷ ተመልሳለች፤ ዛሬም እዚያው ናት። በፍጥነት ተወዳዳሪ አላገኘችም።

ሹሙ ሲወጡ ቤቱ ውስጥ እኔና እትዬ አመለወርቅ ቀረን። ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ሄደው ሹሙ የተነሡበት ቦታ ላይ ተቀመጡ።

«አንለይ።»

«አቤት፣ እትዬ።»

«አምጣት።»

ቆርቆሮውን አንቀጫቀጭኩ። ተጣደፈች፤ ደጃፉ ላይ ቆመች፤ ጫማዋን ጠረገች። ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ በሌላው ቀን እንደነበረው ዝምታ አልሆነልኝም። በሌላው ቀን አደባባይ ላይ አለች ይባል ነበር። መጋረጃው ባይኖር ኖሮ አልናገርም ነበር።

«እማ» አልኩ። «የሰው ጃንጥላ ትጠግኛለሽ፤ አንቺን ግን ዝናብ ይመታሻል። ተይ።»

እትዬ አመለወርቅ ተቀየሙኝ ብዬ ቆርቆሮውን ደረቴ ላይ አቀፍኩት።

«እንደሱ አይደለም» አሉ። «ደብዳቤ የምታነብ አስመሰልከው። ‹እማ› ስትል አታሳጥረውም። ‹ተይ›ን ደግሞ ትስበዋለች፤ ጫፉ ላይ ሳቋ ሊመጣ ሲል ትውጠዋለች።»

«እንዴት?»

«እንዲህ ነዋ» አሉና፣ ቃሉን ራሳቸው ተናገሩት። ከአሮጊት ጉሮሮ የወጣ የልጃገረድ ድምፅ ነበር። ቤቱ ውስጥ ሦስተኛ ሰው የገባ መሰለኝ። እሳቸውም ደንግጠው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከዚያ የድሮውን ያህል አለቀሱ፤ እኔም ቁልፍ የምነካ ይመስል እጄን ቁልፉ ላይ አድርጌ ጠበቅኋቸው።

ይህ ነገር በከተማው ተሰማ። ሰዎች ወደ መጋረጃው እየመጡ «የኛንስ ታስታውሳለህ?» ይሉኝ ጀመር። ያስታወስኩትን አልኩላቸው፤ ተቆጡኝ። «አባቴ እንዲህ አይንተባተብም» አለኝ አንዱ። ሁለቱ ወንድማማቾች አባታቸው የመጨረሻዋን ቃል ጮኾ ነው ወይስ ዝቅ አድርጎ ነው የተናገራት በሚለው ተከራከሩ፤ አንደኛው ጮኾ አሳየ፣ ሌላው ዝቅ አድርጎ አሳየ፤ ተያይተው ሣቁና ተቃቅፈው ወጡ። የሽማግሌው የጉሮሮ ጠረጋ ቀላል ነበር። የብዙዎቹን ግን አላስታውስም። ለእነሱ ኮቴውን ብቻ አሰማለሁ፤ አመስግነው ይሄዳሉ።

እትዬ አመለወርቅ በየወሩ መምጣታቸውን አላቋረጡም። እኔም ቃሉን በየወሩ ሆን ብዬ አበላሸዋለሁ፤ በደንብ ካልኩት የሚያርሙት ነገር ያጣሉና። «አሁንም አሳጠርከው» ይሉኛል። «አንተ ልጅ፣ ጆሮ የለህም?» ይሉኛል። ከዚያ እሳቸው ይሉታል።

እያደር እርማታቸው ቀነሰ። መጀመሪያ «እማ»ን ማረም ተዉ። ቀጥሎ የሚዋጠውን ሳቅ ተዉት፤ «ስትጨርስ አንድ ነገር ታደርግ ነበር፤ ምን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው፤ «ይሆናል» አሉ። ለጥቂት ጊዜ የቀረችው የ‹ተይ› መሳብ ብቻ ነበረች።

ባለፈው ክረምት ዝናብ እየመታቸው መጡ። በአንድ እጃቸው የሰው ጃንጥላ ይዘዋል፤ አልተዘረጋም። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ከቀሚሳቸው ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል። ቆርቆሮውን አንቀጫቀጭኩ፤ ቆም አደረግኩ፤ ጠጠሩን ሁለቴ ጎተትኩ።

«እማ» አልኩ፣ በተቻለኝ መጠን አበላሽቼ፣ «የሰው ጃንጥላ ትጠግኛለሽ፤ አንቺን ግን ዝናብ ይመታሻል። ተይ።»

ጠበቅኩ።

«ልክ ነው» አሉ እትዬ አመለወርቅ። «እንዲሁ ነበር የምትለው። ተባረክ።»

ተነሡ። ቆርቆሮው ድምፅ እንዳያሰማ በሁለት እጄ ይዤ ኮቴያቸውን አዳመጥኩ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ጫማቸውን ሁለቴ ጠረጉ፤ ከዚያ ወደ ዝናቡ ወጡ።